የተማጠኑት ሽመላዎች

እኔ የሽመላ ወዳጅ አልነበርኩም። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጋቢዬን በኩሳቸው የሚያዥጎረጉሩብኝን ወፎች እንዴት ብዬ እወዳለሁ? ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ይመጡና በደብራችን ዋንዛዎች ላይ ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ። የወንዝ ዳሩ ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ አልቆ ስለነበር ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም።

አንድ ነሐሴ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለሩዝ መጋዘን ምሰሶ እንዲሆኑ ዋንዛዎቹ ይቆረጡ አለ። ጫጩቶቹ ገና ላባ አላወጡም። ስብሰባው ላይ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ተነሡ። ደም ያለበት ሰው እንኳ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገብቶ ደወል ከደወለ ማንም እንደማይነካው አስታወሱንና፣ "እነዚህም ተማጥነዋል" ብለው ተቀመጡ። አንዳንዱ ሳቀ። ግን በዚያ ደወል ዘመዱ ያልተረፈለት ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው፤ ሳቁ ቶሎ ቆመ፣ ሊቀ መንበሩም አንገቱን ደፋ።

ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ወገን ላስደስት ብዬ፣ "ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ዛፎቹ አይቆረጡም" ስል ጻፍኩ። ሊቀ መንበሩ ፈረመ፤ የኔታም ወረቀቱን ሳያዩ መረቁኝ። በብልሃቴ ኮራሁ፤ ያን ሰሞን ጠላ ቤት ሳይቀር አወራሁት።

ኅዳር ላይ ጫጩቶቹ በረሩ። በማግስቱ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች መጡ። የኔታ ከቅጥሩ በር ቆመው ቢከለክሏቸው ሊቀ መንበሩ ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ ቃል በቃል አነበበላቸው። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ከበሩ ዘወር አሉ። ዋንዛዎቹ እስከ ቀትር ወድቀው አለቁ።

የኔታን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ለተማጠነ ቀን ይቆረጥለታል?" አሉኝ። "ዛፉን የቆረጥኸው እኮ ያኔ ቀኑን ስትቆርጥ ነው።"

በተከታዩ ክረምት ሽመላዎቹ መጡ። ዛፍ በነበረበት ሰማይ ላይ ሲዞሩ ዋሉ። እኔ አፍሬ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ዞሩ፤ በሦስተኛው አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ በደብራችን አንድ ጫጩት አልተፈለፈለም።