መስገጃዋ ላይ ናት

በ1997 ዓ.ም. ነው፣ ሶማሌዎቹ ጉ የሚሉት የዝናብ ወቅት ሊያበቃ ሲል። ሀርጌሳ ያን ጊዜ ግማሿ ፍርስራሽ፣ ግማሿ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ነበረች። ከኢትዮጵያ መጥተን መሐመድ ሞጌ ሰፈር የተከራየንበት ግቢም እንደዚያው ነበር። የፊቷ ክፍል የእኛ ናት። ከጦርነቱ ወዲህ ጣሪያ ሳይኖረው የቆየውን የኋላውን ቤት አከራያችን ታሠራ ነበር። እኔ በሩ ላይ ሁለት ምድጃ አስቀምጬ ለግንበኞችና ለቀን ሠራተኞች ፉልና ሻይ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ የሰው ታክሲ ይነዳል። አልሐምዱሊላህ፣ ጦም አላደርንም።

ትልቋ ልጃችን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ካለፈች ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። ካልሆነላት ከእኔ ጋር ምድጃው ዳር ትቆማለች። አባቷ ይህን በቁጣ አልተናገረውም፤ ሌላ መንገድ ስላልነበረን ነው። እኔ ስለዚያ ምድጃ ጧትና ማታ አላህን አመሰግናለሁ። ለልጄ ላወርሳት ግን አልፈልግም ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ ልጅቷ ተለወጠች። ጧት ያቀረብኩላትን ነካክታ ትተወዋለች። ሆዴን ያመኛል ትላለች። እጇን ስይዘው ይቀዘቅዛል፣ በዚያ ሙቀት። ያጠናችው አልያዝላት ብሎ ነበር። "አነበዋለሁ፤ ቀና ስል የለም" አለችኝ አንድ ቀን። እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ዱዓ አድርጊ፣ አላህ ያግራልሽ አልኳት።

ቃሌን ሰማች። ከዚያ ወዲህ መስገጃዋ ላይ መቆየት ጀመረች። ከትምህርት ቤት ተመልሳ የቀትሩን ሶላት ዙህርን ትሰግድና የሶላቱን መዝጊያ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ አትነሳም። እግሯን አጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ እየቆጠረች ትቀመጣለች። የአስር ሶላት ላይም እንዲሁ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ መግሪብ ላይማ ኢሻ እስኪደርስ እዚያው ናት።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ብዙ እናት ልጇን ለሶላት እየጎተተች ታስነሳለች፤ የእኔዋን ጌታዬ ራሱ አስነሳልኝ ብዬ አመሰገንኩ። ለአከራያችንም ነገርኳት። እሷ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ኤዶ እላታለሁ፣ በእነሱ አክስት እንደማለት ነው።

ደስታዬ ግን አልቆየም። የሒሳብ መጽሐፏ መስኮቱ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ግንበኞቹ ሲሚንቶ ባቦኩ ቁጥር አቧራ ያርፍበታል። በየጧቱ አየዋለሁ። አቧራው ላይ የጣት ምልክት የለም።

ሥራ ብትሸሽ እቆጣት ነበር። ጎረቤት ሄዳ ብትቀር እጠራት ነበር። መስገጃ ላይ ያለችን ልጅ ግን ምን ይሏታል? የሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍም፣ ዚክር ላይ ሆኖ አላህን የሚያወሳ ሰው አይጠራም ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ትንሹ ልጄ እንኳ ኳሱ ወደ መስገጃው ከተንከባለለ ቆሞ ይጠብቃል። በገዛ ሕጌ ታሰርኩ። ቀኑን ሙሉ ምድጃው ላይ ቆሜ የማስበው ያንን መጽሐፍ ነበር፤ ፉል ያሳረርኩበትም ቀን አለ።

ግንበኞቹም ነገሩን አወቁት። ሻይ ያዘገየሁባቸው እለት ልጅቷ እየሰገደች ነው ብላቸው፣ ሽማግሌው ግንበኛ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያመለጠውን ሶላት ነው እንዴ የምትሰግደው ብሎ አሾፈ። ጓደኞቹ ሳቁ። ኤዶም አልቀረችም።

"ፈተናውን መላእክት ገብተው ሊሠሩላት ነው?" አለችኝ።

ሳቅኩላት። ውስጤ ግን አልሳቀም።

ለባለቤቴ ስነግረው አንቺው ተናገሪያት አለኝ። ምን ልበላት፣ ኢባዳሽን፣ አምልኮሽን ቀንሺ ልበላት አልኩት። በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤቱ መልእክት መጣ። በመለማመጃው ፈተና ሒሳብ ወድቃለች። ሳይንሱን ደህና አድርጋ ሠርታዋለች ብለውም ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት ሒሳቡን ብቻ ነው።

የተናገርኳት ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ግንበኞቹ ሥራ ሊፈቱ ሲሉ ሁሉም ሻይ ባንዴ ይፈልጋሉ። ከሰሉ ረጥቦ አልያዝ አለኝ። ትንሹ ልጅ እግሬን ይዞ ያለቅሳል። ውሃ የሚያመጣው ባለ አህያ ጋሪ በር ላይ ቆሞ ጄሪካን አምጡ ይላል። የሚረዳኝ አንድ ሰው ነበር፣ እሷም ክፍል ውስጥ ናት። ልጁን አቅፌ ገባሁ። ሰግዳ ጨርሳ ተቀምጣለች። ጠበቅኩ። ከውጭ ይጠሩኛል፣ እኔ እጠብቃለሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቢያንስ ለዱዓዋ አሚን ልበል ብዬ ከኋላዋ ጠጋ አልኩና ተቀመጥኩ።

ዚክር አልነበረም። የምታወራው በሶማሊኛ ነው። የእኔ ሶማሊኛ የገበያ ነው፤ ደም፣ ልብ፣ ሳንባ ሲባል ግን እሰማለሁ፣ ሥጋ ቤት ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ደሙ ከልብ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከየት ዞሮ እንደሚመለስ በየጣቷ አንጓ ትደረድራለች።

ልጁን ከጉልበቴ አወረድኩት።

"አላህ ፊት ነው የምትቀልጂው?" አልኳት።

አልደነገጠችም። ቀስ ብላ ዞረች። "ሶላቴን ጨርሻለሁ፣ እማ። ዱዓዬንም አድርሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን እንደ ሰው ወንበር ላይ ሆነሽ አታጠኚም? መጽሐፍሽን እኮ አቧራ በላው።"

"ወንበር ላይ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ሥራ የፈታሁ ነው የሚመስላችሁ። ውሃ አምጪ፣ ሻይ አድርሺ፣ ልጁን ያዢ። አንድ ገጽ ሳልነሳ ጨርሼ አላውቅም። እዚህ ስሆን ማንም አይጠራኝም። ሳይንሱን በቃሌ እከልሰዋለሁ። ሒሳብ ግን ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀት ካወጣሁ ታዩኛላችሁ።"

ሶላትን መደበቂያ ማድረግ ነውር መሆኑን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያኔ ኤዶ ከጓሮ ተጣራች። "አንቺ ልጅ፣ ነይማ ጄሪካኑን ያዢልኝ!"

"ሂጂ፣ ይጠሩሻል" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው ራሴን የሰማሁት። ልጄ አየችኝ። መስገጃዋን አጥፋ ቦታው አስቀመጠች።

"አየሽ፣ እማ" አለችና ወጣች።

ያን ምሽት ለማንም ጥሩ ፊት አላሳየሁም። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደተናደድኩ መለየት ግን አቃተኝ። በኤዶ እንዳልል፣ ስታመም ያስታመመችኝ እሷ ናት፤ ልጄንም የምትጠራት እንደ ልጇ ስለምታያት ነው። በግንበኞቹ እንዳልል፣ የምንበላው በእነሱ ነው። እያንዳንዳችን የምንጠይቃት ትንሽ ነገር ነው፣ አንድ ጄሪካን፣ አንድ ብርጭቆ። ልጅቷ በዚያ አለቀች። ደግሞም ለምን አታጠኚም ብዬ የተቆጣኋት እኔው ነኝ።

ባለቤቴ ሲመለስ ነገርኩት። ይቺማ ሒሳብ ባታውቅም ብልሃት አላጣችም ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። ትናንት ታክሲዋን ሳጥብ እኔም ጠርቻታለሁ አለ።

አንድ ነገር አሁንም አልዋጥልሽ አለኝ። ሰው ዚክር ላይ ናት ብሎ ሲያከብራት እሷ ሌላ ነገር መሥራቷን ልወደው አልቻልኩም። እዚያ ላይ ሳስብ ወሎ የአባቴ መንደር መስጊድ ታወሰኝ። ደረሶቹ፣ የሃይማኖት ተማሪዎቹ፣ ኪታባቸውን ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ውሃ ቅዱ የሚላቸው አልነበረም፤ ውሃ የምንቀዳላቸው እኛ ሴቶቹ ነበርን። እውቀት መፈለግ ኢባዳ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለወንድ ብቻ ነው ሲባል አልሰማሁም።

ከኢሻ በኋላ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ሰው አታሳስቺ አልኳት። ስትሰግጂ ስገጂ፤ ስታጠኚ ደግሞ መጽሐፉን ገልጠሽ ፊትሽ አድርጊው፣ ሰው ይየው።

"ካዩኝ ይጠሩኛላ" አለች።

"ለእሱ እኔ አለሁ።"

ፊቷን አየሁት። አላመነችኝም። አልፈረድኩባትም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር፣ ትምህርት የለም። ግንበኞቹ ግን እስከ ጁምዓ ሶላት ይሠራሉ። የንጋቱን ሶላት ሱብሒን አብረን ሰገድን። ሰላምታውን ሰጥታ መስገጃዋን ልታጥፍ ስትል እጇን ያዝኩት። የሒሳብ መጽሐፉን ከመስኮቱ አነሳሁ፣ በሻሼ ጫፍ ጠረግኩት፣ ከደብተሯና ከእርሳሷ ጋር ፊቷ አኖርኩላት። በሩንም ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ከዚያ ትንሹን ልጅ አዝዬ ምድጃዎቹን አቀጣጠልኩ።

ፉሉ ሳይፈላ የውሃው ጋሪ በር ላይ ቆመ፤ ኤዶም ጄሪካን ይዛ መጣች። "አንቺ ልጅ" ብላ ተጣራች።

"መስገጃዋ ላይ ናት፣ ኤዶ።"

"አሁንም አልጨረሰችም?"

"ሶላቷን ጨርሳለች። ሒሳብ እየሠራች ነው።"

ኤዶ በተከፈተው በር አንገቷን አስግጋ አየቻት። ልጄ ቀና አላለችም፤ እርሳሷ ግን ቆሟል። የምመልሰውን እየጠበቀች እንደሆነ አወቅኩ።

"መላእክቱ ቀሩባት ማለት ነው" አለች ኤዶ።

"ቀሩባት" አልኩና ጄሪካኑን ከእጇ ተቀብዬ፣ ልጁን እንዳዘልኩ፣ ወደ ጋሪው ሄድኩ።