ኮርቻ ጉብታ ሥር ያልጠራኋቸው ስሞች

ትዕዛዙ የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ከምሽጋችን ፊት ለፊት ያለውን ጉብታ እንይዛለን፤ የእኛ ጓድ ከፊት ትሆናለች። ጉብታው ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ስለሚሉ እኛ ኮርቻ እንለው ነበር። እስከ እግሩ ድረስ ሦስት መቶ ሜትር የሚሆን ገላጣ ሜዳ አለ። ያን ሜዳ አርባ ቀን ሙሉ ስናየው ከርመናል። አንድ ሰው የሚከልል ድንጋይ እንኳ አልነበረውም።

ይህን የምጽፈው ለልጆቼ ነው። ሰበታ ውስጥ ሰዎች ስለ እኔ የሚሉትን ሰምታችኋል፤ «ጦር ሜዳ የተሳለውን ስለት ሳያጓድል የሚያገለግል ሰው» ይሉኛል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ስለ ጀግንነትም የምነግራችሁ የለኝም። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን ራሴ ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ነው የለቀምኩት። አጻጻፌ ቢሻክር ታገሡኝ።

ጓዳችን ሳስታ ሰባት ቀርተን ነበር። መሪያችን አምሳ አለቃ ጌታሁን ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ሲናደድ ድምፁን የሚቀንስ ሰው ነበር። ደረጀ የቡራዩ ልጅ ነው። ከመዝመቱ በፊት የታክሲ ረዳት ስለነበር ምሽግ ውስጥ ስንተኛ እንኳ «ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል» ይለን ነበር። ቱፋ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው። ሰይፉ ብሬን የሚባለው መትረየስ ተኳሽ ነበር፤ ታምራትና ሃብቴ ረዳቶቹ። ሰባተኛው እኔ ነኝ፤ በመዝገብ ለማ። ኪሴ ውስጥ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ስለምይዝ «መምሬ» ይሉኝ ነበር።

አስር ሰዓት ላይ ትጥቃችንን ስንፈትሽ ደረጀ ጀመረኝ።

«መምሬ፣ ያ መጽሐፍ ለትራስ ነው እንዴ የያዝከው? ዛሬ ካልሠራ መቼ ሊሠራ ነው?»

ሳቅን። አምሳ አለቃ ግን አልሳቀም።

«እውነቱን ነው። ለሁላችንም ስለት ተሳልልን» አለኝ።

ምን እንሳል በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። ደረጀ ዣንጥላ አለ። ቱፋ ወይፈን እሰጣለሁ አለ።

«የማንን ወይፈን?» አለው ደረጀ።

«የአባቴን ነዋ።»

«አባትህ ሰምተዋል? በሰው ወይፈን ነፍስህን ልታድን!»

አምሳ አለቃ እጁን አነሣ። «የሌላችሁን አትስጡ። ያላችሁ ጉልበት ነው። በሕይወት ከወጣን እያንዳንዳችን በየሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አንድ ዓመት እናገልግል። መጥረግም ይሁን ውኃ መቅዳት፣ ያዘዙንን እንሥራ።»

ሁላችንም እሺ አልን። ለሚካኤል ይሁን ተባለ።

«በክርስትና ስማችን ጥራን» አለ ታምራት። «እዚህ የምንጠራበት የመዝገብ ስም ነው። እዚያ በሱ አያውቁንም።»

የክርስትና ስም እንደ ዋዛ አይነገርም። ስለዚህ አንድ በአንድ እየመጡ ወደ ጆሮዬ አጎንብሰው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ስድስት ሰው ስድስት ስም ሰጠኝ። ደረጀ የእርሳስ ቁራጭና የሲጋራ ወረቀት አቀበለኝ።

«ጻፈው፣ ይጠፋሃል።»

«ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ የምወጣ ሰው ስድስት ስም ይጠፋኛል?» አልኩት።

እርሳሱን ኪሱ መለሰ። ትዕቢት እንዲህ ትንሽ ሆና ነው የምትገባው ልጆቼ። በሩን ሰብራ አትመጣም።

ከመነሣታችን በፊት፣ ንጋት ላይ እንደምጠራቸው ቃል ገባሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን መድፋችን ኮርቻን መደብደብ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ነበረን። ወደ ምሽጉ ጥግ ሄጄ ፊቴን ወደ አፈሩ አዞርኩ። «ሚካኤል ሆይ፣ እኔን ባሪያህን ገብረ ሥላሴን ከዚህ አውጣኝ፤ ዕድሜ ልኬን አገለግልሃለሁ» አልኩ። ያንኑ ደገምኩት። ከዚያም ደገምኩት። የሌላ ሰው ስም ከአፌ አልወጣም።

ጊዜ አልነበረኝም፣ የመድፉ ጩኸት አደናገረኝ እያልኩ ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ። ጊዜ ነበረኝ። ስሞቹም በዚያ ሰዓት ከልቤ አልጠፉም ነበር። ሰባት ሰው ከሚለመንለት ለአንድ ሰው ቢለመን ይሰማል ብዬ ነው። ጸሎቱን ለሰባት ስናካፍለው የእኔ ድርሻ የሚያንስ መሰለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አምሳ አለቃ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ጠራኸን?»

«ጠርቻችኋለሁ» አልኩት።

ወደ ሌሎቹ ዞሮ ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጣቸው። የሁሉም ፊት ሲፈታ አየሁ። እስከ ዛሬ የሚመጣብኝ ያ የተፈታ ፊታቸው ነው። ሲሞቱ ያየሁት ፊታቸው እንኳ እንደዚያ አያሳድደኝም።

አስራ አንድ ተኩል ላይ ከምሽጉ ወጣን። መቶ ሜትር ያህል ያለ ተኩስ ሄድን። ከዚያ ከግራው ጫፍ መትረየስ ተከፈተ። ሰይፉ ወደቀ። ታምራት ብሬኑን አነሣ፤ ሁለት ጊዜ ተኮሰና ወደቀ። ሃብቴ ብሬኑን ለመያዝ በደረቱ ሲሳብ አየሁት። ዳግመኛ ሳይ አይንቀሳቀስም። አምሳ አለቃ «እዚህ አትተኙ! እግሩ ሥር ግቡ!» እያለ ከፊት ሮጠ። ሞርታር መጣ። አቧራው ሲረጋ አምሳ አለቃ የነበረበት ቦታ ማንም አልነበረም።

እኔ፣ ደረጀና ቱፋ እግሩ ሥር ደረስን። ቱፋ ፈንጂ ረገጠ። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወሰደው። ቀበቶዬን ፈትቼ አሰርኩለትና ድንጋይ ሥር አስገባሁት። ከኋላችን ሌሎች ጓዶች ደርሰው አብረን ወጣን። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮርቻ በእጃችን ነበር።

ደረጀ ጉብታው ላይ ከደረስን በኋላ ነው ሆዱን የተመታው። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁት።

«መምሬ፣ ስሜን በደንብ ነው የጠራኸው?»

«በደንብ ነው» አልኩት።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ።

እኔ ቆዳዬ ሳይጫር ወጣሁ። ጦርነቱ አልቆ ስሰናበት ወደ ሰበታ ተመለስኩና በሳምንቱ መጥረጊያ ይዤ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከቅዳሴ በፊት እጠርጋለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ሰው ሲሞት መቃብር እቆፍራለሁ። ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሰው አመሰገነኝ፤ ምስጋናው ግን አንድ ቀን እንኳ አላስደሰተኝም። የማገለግለው እንደ እስረኛ ነበር። ለሙታን የሚጸለይበት ሰዓት ሲደርስ መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ውጭ እወጣ ነበር። «አባዬ፣ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ለምን ትወጣለህ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ተቆጥቻችኋለሁ። መልሱ ይኸው ነው። ካህኑ የሰው ስም መጥራት ሲጀምሩ አምሳ አለቃ ትከሻዬን ይነካኛል።

ቱፋንም ታውቁታላችሁ። በሰው ሠራሽ እግሩ እያነከሰ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ቤታችን ይመጣ ነበር። እናንተን ሰብስቦ «አባታችሁ ጠርቶኝ ነው በሕይወት ያለሁት» ይላችሁ ነበር። እኔ አቀርቅሬ እበላ ነበር።

ዓምና በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ገብረ ሥላሴ፣ ስማቸውን አምጣና በጸሎት ይታሰቡ» አሉኝ።

«የአምሳ አለቃንና የሰይፉን ብቻ ነው የማስታውሰው። የሌሎቹ ጠፋኝ፣ አባቴ።»

«ሃያ ዓመት የጠረግኸው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለአምሳ አለቃህ?»

ልነሣ ስል እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«የእግዚአብሔር ቤት የቅጣት ጊዜ የሚጨርሱበት ቦታ አይደለም» አሉኝ። «መጀመሪያ ሄደህ በሕይወት ላለው ጓደኛህ እውነቱን ንገረው። ከዚያ የጠፉብህን ስሞች ፈልግ። አገልግሎትህ የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

ጥቅምት እስኪገባ ሳልሄድ ቆየሁ። ጦር ሜዳ እንደዚያ አልፈራሁም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሱሉልታ ደረስኩ። ቱፋ የሚሸጠውን ድርቆሽ እያሰረ ነበር።

«አካም ጅርታ መምሬ! ምን ጣለህ? ሚካኤል እኮ ገና ነው።»

«ፈያ፣ ገለታ ዋቃ» ብዬ ለኦሮምኛ ሰላምታው መለስኩለት። «የምነግርህ ነገር አለ።»

«ድርቆሽ ፈልገህ ከሆነ ለአንተም ጨምሯል፤ አስቀድሜ ልንገርህ።»

እንደቆምኩ ነገርኩት። ገመዱን መሳብ አቆመ። መሃል ላይ አላቋረጠኝም።

«አንዳችንንም?» አለ ስጨርስ።

«አንዳችሁንም።»

«አምሳ አለቃ ሲጠይቅህስ?»

«ዋሸሁት።»

ሰው ሠራሽ እግሩን ዘርግቶ የድርቆሹ እስር ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ከቤት ብቅ ብላ «ኦቦ ለማ፣ ግቡ እንጂ፣ ምን አቆማችሁ?» አለችኝ። ቱፋ በእጁ ተመለሽ አላት።

«እኔ ያን ጠዋት አልጸለይኩም» አለ ቱፋ። «እናቴ ያስተማረችኝን እንኳ አላልኩም። መምሬ ይዞታል ብዬ ለአባቴ ስለ ወይፈኑ ምን እንደምለው ሳስብ ነበር።»

«ይቅር በለኝ።»

«የእኔን ስም ታስታውሰዋለህ?»

«አላስታውሰውም። የደረጀም፣ የታምራትም፣ የሃብቴም ጠፍቶኛል። ልፈልጋቸው ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ቤትህ እየመጣሁ ስበላ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።»

«ብጠይቅህ ይገባህ ነበር።»

«አዎ» አለ። «ይገባኝ ነበር።» ተነሣና ጀርባውን ሰጠኝ። «ሂድ በል፣ ታክሲ ሰልፍ ሳይበዛብህ።»

ስሙን አልነገረኝም። በዚያ ኅዳር አልመጣም። «ጋሼ ቱፋ ምን ሆነ?» ስትሉኝ አሞት ይሆናል አልኳችሁ። ያም ውሸት ነበር።

ከዚያ ቡራዩ ሄድኩ። የደረጀ እናት አርጅተዋል፤ ልጃቸው ግን በሠፈሩ አልተረሳም፤ ባጃጅ ነጂው ደጃቸው አደረሰኝ። ለምን የልጃቸውን ስም እንደፈለግሁ ጠየቁኝ። ለእሳቸውም አልሸሸግሁም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ያባርሩኛል ብዬ ተነሣሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ወልደ ገብርኤል ነው። በል ጥራው።»

«ወልደ ገብርኤል።»

«ጮክ በል። እኔ ጆሮዬ ከብዷል።»

ጮክ ብዬ ጠራሁት። እንደገና አስጠሩኝ። ከዚያ እስከ በሩ ሸኙኝ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡኝም።

የታምራትን እህት ሰንዳፋ አገኘኋት፤ ስሙን ሰጠችኝ። የሃብቴን ግን የሚያውቅ ጠፋ። በልጅነቱ ወላጆቹ ሞተውበት ከዘመድ ዘመድ ሲዞር ያደገ ነው፤ ያሳደጉትም አልፈዋል። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከአምስቱ አንዱ ያለ ስም ሊቀር ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

መጋቢት ላይ፣ መቃብር ስቆፍር፣ ስልኬ ጮኸ። ቱፋ ነው። ሰላምታ አልሰጠኝም።

«ስንት ቀረህ?»

«የሃብቴ ብቻ።»

ከኋላው የከብት ድምፅ ይሰማኛል።

«ተክለ ሃይማኖት ነው» አለ። «ያን ዕለት ሲነግርህ ከኋላው ቆሜ ሰምቼዋለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቱፋ።»

«የእኔን እንዳትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅህም።»

ዘጋው። አካፋዬን ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ከላይ የሚጠብቁት የሟች ቤተሰቦች ምን ሆነ ብለው ተያዩ። ቀጠልኩና ጨረስኩት። በጥሩ ሁኔታ ቆፈርኩት፤ ጠርዙን አስተካከልኩ። የማላውቀው ሰው መቃብር ነበር። ለራሴ ምንም ሳልለምንበት የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ይመስለኛል።

በተከታዩ እሑድ አምስቱም ስም ተጠራ። መጥረጊያዬን ይዤ አልወጣሁም። ሰላም አገኘሁ አልላችሁም። አምሳ አለቃ አሁንም ይመጣል፤ አሁን ግን ስሸሽ አያገኘኝም። ቱፋ ይቅር አላለኝም። ይቅርታው የእሱ ነው፤ አላጣድፈውም። እናንተን የማዝዛችሁ አንድ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስታገለግሉ ከቅጣት ለማምለጥ ወይም ለመመስገን አታገልግሉ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። የሰው አደራ አፋችሁ ላይ ከተቀመጠ ከራሳችሁ በፊት እሱን አውጡት።

ከሰባታችን አምስት ኮርቻ ላይ ሞቱ። ኃይለ ማርያም፣ መሪያችን። ወልደ ሰንበት፣ ብሬን ተኳሹ። ገብረ መድኅን፣ ታምራት የምንለው። ተክለ ሃይማኖት፣ ዘመድ ያልነበረው ሃብቴ። ወልደ ገብርኤል፣ የቡራዩው ደረጀ።

እኔ ስሞት ካህኑ ስም አምጡ ሲሏችሁ ይህን ወረቀት ስጧቸው። እነሱን አስቀድሙ። ጊዜ ከተረፈ እኔን።