ማኅተም ያለበት ዘር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ጊንጪ አጠገብ ያለው መሬቴ ላይ ስንዴ የዘራሁበት ክረምት ነበር። ዘሩን የወሰድኩት ከመንግሥት ቢሮ ነው። እኛ ዘንድ ዘር ሲገዛ ጥቂቱ በእርጥብ ጨርቅ ይቋጠርና መብቀሉ ይታያል። እኔ ግን ከረጢቱ ማኅተም አለበት ብዬ ሳልሞክረው ዘራሁት። አልበቀለም። የመዝሪያው ጊዜ ሳያልፍ ምትክ ካላገኘን ጦም ማደራችን ነው።

ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው፣ «አባባ፣ ጥፋቱ የአዘራርዎ ይሆናላ» አለኝ።

«እኔ ስንዴ መዝራት ስጀምር አባትህም አልተወለደም ነበር» አልኩት።

ሳቀ፤ ሆኖም ማስረጃ ያምጡ አለኝ። ማስረጃው መሬት ውስጥ በስብሷል፤ ምን ላምጣ?

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ከጓዳ ከረጢቱን አወጣች። ለካስ እኔ ሳላይ አንድ ጣሳ ዘር አስቀርታበታለች። በማግስቱ ከረጢቱን ከነማኅተሙ ይዘን አብረን ሄድን። ሠራተኛው ፊት ጨርቅ አርሳ ዘሩን ቋጠረችና፣ «እዚሁ ጠረጴዛህ ላይ ይቀመጥ፤ አንተው እያረጠብክ ጠብቀው» አለችው።

በሳምንቱ ራሱ ፈታው። አንድም ፍሬ አልበቀለም። ጥፋቱ የቢሮው መሆኑን ጽፎ ፈረመ፤ ምትክ ዘርም ሰጠን። ዝናቡ ሳያልፍ ዘራነው።

ያን ዓመት ያሻገረችኝ ባለቤቴ ናት።