የአያ ይስሐቅ በሬዎች

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አሥር ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በሰኔ ወር ነው። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ከምትገኘው መንደራችን ያኔ ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል። ከተረፉት አንዱ ባለፈው ሰሞን «ያን ጊዜ ዕድል አወጣህ» ቢለኝ ደሜ ፈላ። ዕድል አልነበረም። እኔው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

መጻፍ አያቅተኝም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ እየሰማሁ፣ መሬት ላይ እየጫርሁ ነው የያዝሁት። በሠላሳ ዓመቴ ዳዊት እደግም ነበር። በዓላቱንም ከዲያቆኖቹ አስበልጬ አውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ከሁለቱ በሬዎቼ አንዱ ገደል ገብቶ ሞተ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። እንደ አገራችን ልማድ፣ እሱም አንድ በሬ ብቻ ካለው ከጎረቤቴ ከፈንታ ጋር መቀናጆ ገባን፤ በሬዎቻችንን አንድ ላይ ጠምደን በየተራ ልናርስ። ተራውን በቀን ቁጥር እንክፈለው ተባባልን።

«ጎደሎውን ቀን ትወስዳለህ ወይስ ሙሉውን?» አለኝ።

ከማንም ኋላ መቆም አልወድም። ከወሩ አንድ የሚጀምረውን ጎደሎውን ያዝሁ። በሽማግሌ ፊት ቃል ታሰረ።

በዓላቱን በቃሌ የማውቀው ሰውዬ ይህን አላሰብሁም፤ አብዛኛው ታቦት የሚውለው በጎደሎ ቀን ነው። አንድ ልደታ፣ አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። በእነዚህ ቀናት ሞፈር አይነካም። ቅዳሜና እሑድም ሲቀነሱ ከወሩ ሙሉ ለእኔ የተረፉኝ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስትና አሥራ አምስት ብቻ ሆኑ። በዘጠኝ አረስሁ። በአሥራ ሦስት በረዶ ወረደ። በአሥራ አምስት ማሳው ረግረግ ሆኖ በሬዎቹ እስከ ጉልበታቸው ሰጠሙ።

የፈንታ እርሻ ሊያልቅ ሲቃረብ የእኔ ግማሹ እንኳ አልታረሰም። ገብስ በሰኔ ካልተዘራ ውርጭ ይቀድመዋል። ሚስቴ ጥሩነሽና አራት ልጆቼ ዓመቱን የሚበሉት ከዚያች መሬት ነው። ጥሩነሽ ሄዳ ቀን እንዲለውጠን ፈንታን ለመነችው፤ «ቃል ቃል ነው» ብሎ መለሳት። እኔ አልለመንሁም።

የገብርኤል ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ ፈንታ በሰው ፊት ጠራኝ።

«የኔታ! ቀኑን የመረጥኸው አንተው! በል ዛሬ ተራህ ነው፤ ጥመድና እረስ።»

«በገብርኤል?»

«ገብርኤል ልጆችህን ያበላልሃል?»

«የላከው ጌታ ያበላቸዋል። አንተን ግን ቁራሽ አልጠይቅህም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የነፍስ አባቴ አባ ካሣ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ እምነትና ትዕቢት እንዳይደባለቁብህ» አሉኝ።

«ይደባለቁ አባ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዘኛል» አልኋቸው።

በማግስቱ የፈንታ ተራ ነበር። እኔ የዶለዶመ ማረሻዬን ተሸክሜ ላስቀጥቅጥ ወጣሁ። ጥሩነሽ ከደጅ ሆና «በሬ ሳይኖር ማረሻ!» ብላ አለቀሰች። የሰፈራችን ቀጥቃጭ ታሞ ስለነበር ቁልቁል ወርጄ ከማላውቀው ሰው ዘንድ ደረስሁ። አያ ይስሐቅ ይባላል፤ ቤተ እስራኤል ነው። ማረሻዬን ከእሳቱ ከትቶ ስለ እርሻዬ ጠየቀኝ። ያለውን ነገርሁት።

«ታዲያ በምን ልታርስ ነው የምታስቀጠቅጠው?»

«ማረሻው ከእኔ፣ በሬው ከፈጣሪ።»

ወናፉን ለቆ እስኪያስለው ሳቀ። «ፈጣሪማ በሬ ሲነዳ አላየሁም» አለና ወደ ጓሮው አመለከተኝ። ሁለት ዳለቻ በሬዎች ቆመዋል። «የሰዉ ማረሻ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ከዚህ እሳት አልነሣም። እነሱ ሣር ይበላሉ እንጂ ሥራ የላቸውም። ንዳቸው። በቅዳሜ ግን እንዳትጠምዳቸው።»

«በቅዳሜማ እኔስ መቼ እጠምዳለሁ?»

ሌላ ቃል አልጠየቀኝም።

በሬዎቹን እየነዳሁ መንደሬ ስገባ ሳቁ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ያኔ በእነዚያ ሰዎች ላይ ቡዳ ናቸው የሚል ክፉ ወሬ ነበር።

«የቡዳ በሬ አምጥተህ ሰብላችንን ልታስበላ ነው?» ብሎ ፈንታ መንገድ ዘጋብኝ።

«ማረሻህን ማን ሠራልህ?» አልሁት። ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞርሁ። «እነሱ ባልቀጠቀጡት ብረት የሚያርስ ካለ ይውጣና ይከልክለኝ!»

አንድም አልወጣ። በአራት ቀን አርሼ ዘራሁ። በሬዎቹን አጥግቤ መለስሁ፤ በኅዳርም ገብሱን አጭደንና ወቅተን ጭዱን ለአያ ይስሐቅ በአህያ ጭኜ ወሰድሁለት። ልጆቼ ዓመቱን የሰው ደጅ ሳያዩ በሉ።

ጎደሎውን ቀን መምረጤ ስሕተት ነበር የሚሉኝ አሉ። እኔ አላምንም። ሙሉውን ቀን ይዤ ቢሆን ኖሮ ያን ሰው መቼ አገኘው ነበር?

አያ ይስሐቅ በኋላ ከነቤተሰቡ ወደ እስራኤል ሄደ። ይኑር ይሙት አላውቅም። ዛሬም ማለዳ ተነሥቼ አባታችን ሆይ ስል፣ «የዕለት እንጀራችንን» ከሚለው ላይ ስደርስ እቆምና ስሙን እጠራለሁ። የአሁኑ የነፍስ አባቴ ያልተጠመቀ ሰው ስም እንዲህ አይጠራም ብለው ተቆጥተውኛል።

ይቆጡ።