ቁልፍ ሲንቃጨል የሚጸዳ ደረጃ

እኔ ወሬ አልወድም። ወሬው ነው በመስኮቴ ሥር የሚያልፈው። መስኮቴ ላይ ክርኔን እንዳያመኝ ያኖርኳት ትራስ አለች፤ ከምሳ በኋላ እሷ ላይ ደገፍ ብዬ አየር እቀበላለሁ። አየር ስቀበል ታዲያ ዓይኔን ልጨፍን? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የሦስተኛ ፎቁን ጎትሎብ ራፕን ከነሚስቱ፣ ከነመኪናው፣ ከነአካሄዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠናሁት። ትምህርት ቤት የገባሁት ለጥቂት ዓመት ነው፤ ራፕን ግን እስከ ዶክትሬት ተምሬዋለሁ።

እኛ ከተማ፣ ኔካር ወንዝ ዳር፣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፦ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ፣ ወይ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ ያገባ። ፋብሪካው መኪና ነው የሚሠራው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ «እዛ ታች» ነው የምንለው። ባሌ አልፎንስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዛ ታች አርባ ዓመት የመኪና በር ሲገጥም ኖሮ ሞተ። ራፕ ግን በር ገጣሚ አልነበረም። ራፕ ጭስ መርማሪ ነበር። መኪናውን የሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ያወጡታል፤ ጎማው ይሮጣል፣ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ማርሚታው ላይ ቱቦ ይሰኩበታል፣ ራፕም ነጭ ካፖርቱን ለብሶ የጭሱን ቁጥር ያነባል። እንደ ሐኪም! ወደ ቤት ሲመለስ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሰው እንዲያይለት ቀስ እያለ ነበር የሚራመደው።

ቤት ሲገባ ደግሞ የደረጃው ሐኪም ይሆናል። እኛ ዘንድ የመጥረግ ሳምንት አለ። ተራው የደረሰው ሰው በር ላይ አንዲት የእንጨት ሰሌዳ ትሰቀላለች። ሰሌዳዋ በርሽ ላይ ከዋለች ደረጃውን፣ ምድር ቤቱን፣ የግቢውን በራፍ ትጠርጊያለሽ፣ ትወለውያለሽ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሰሌዳዋ ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች። ሌላ ቤት ማንም ማንንም አይቆጣጠርም። እኛ ቤት ግን ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ራፕ ይወርዳል። ነጭ መሐረብ ያወጣል፣ ታችኛው ደረጃ አጠገብ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት ካለው ማሞቂያ ጀርባ ያለችውን ጥግ ይጠርጋል፣ መሐረቡን ወደ ብርሃን ያነሳል። ሁልጊዜ እዚያችው ጥግ። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት።

«ወይዘሮ ሄገሌ» ይለኛል፤ «ጥሩ ነው። ጥሩ ማለት ግን ንጹሕ ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው አቶ ራፕ?»

«ጥሩ ማለት ጥሩ ማለት ነው።»

እንግዲህ በኔ ሳምንት ያ መሐረብ አንድ ቀን እንኳን ጠቁሮ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ እርስዎ ነው የተባባልነው። እኛ ዘንድ አንተና አንቺ እንዲሁ አይገኝም፤ አንዱ ብርጭቆውን አንስቶ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ልበልሽ» ማለት አለበት። ራፕ አላለም። ሚስቱን ኢርመላን ራሷን አንቺ የሚላት ሰው በሌለበት ነው ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት።

አልፎንስ ሲሞት አንዲት አረንጓዴ የቤንዚን መኪና ትቶልኝ ነበር። ትንሽ ናት፣ ስትነሳ ታስላለች፣ ግን የትም ታደርሰኝ ነበር። ራፕ እሷን ባየ ቁጥር አፍንጫውን ይይዛል።

«ወይዘሮ ሄገሌ፣ ይቺ ነገር ቤንዚኑን እንደ ቢራ ነው የምትጨልጠው። የኔን ናፍጣ ይመልከቱ። ትንሽ ይጠጣል፣ ብዙ ይሄዳል፣ ንጹሕ ነው። ማርሚታው ሥር ልብስ ቢያሰጡ ነጭ እንደሆነ ይደርቃል!»

«ላስጣና ልየው?»

«ለአነጋገር ነው።»

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ አንሶላዬን ይዤ ልመጣ ነበር።»

አልሳቀም። ለአሥረኛ ጊዜ ሲነግረኝ፣ የሰፈሩን ሳንባ የምበላው እኔ መስሎኝ አፈርኩና አረንጓዴዋን ለአንድ ተማሪ በርካሽ ሸጥኳት። ከዚያ ወዲያ እኔና ጉልበቴ በትራም ሆንን። ይቺን ቂም ያዙልኝ።

ከዚያ የናፍጣው ጭስ ጉድ ወጣ። መጀመሪያ የሌሎች ፋብሪካዎች ጉድ ነበርና ራፕ ደረጃው ላይ ቆሞ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም» አለ። በሳምንታት ውስጥ የእዛ ታችም ወጣ። ለካ መኪናውን ሲመረመር እንዲያውቅ አድርገው ነው የሠሩት! ጎማው እየሮጠ መሪው አይዞርም፤ መሪ ሳያዞር የሚነዳ ሰው የት አለ? «አሃ፣ ራፕ ዘንድ ነኝ» ይላል መኪናው፣ ቅዱስ ይሆናል። መንገድ ወጥቶ መሪው ሲዞር ቅድስናውን አውልቆ ይጥላል። ጭሱን የሚያጥብለት ሽንት መሰል ውሃ አለው አሉ፤ ራፕ ዘንድ ሲሆን ይረጨዋል፣ ውጭ ሲወጣ ይቆጥበዋል። እኔ እዚህ ላይ አልደነቀኝም። የእኛ አገር ሰው ሠርቶት ባይቆጥብ ነበር የሚደንቀኝ። ኢርመላ አንዱን የሻይ ከረጢት ለሁለት ቀን ነው የምትነክረው።

ዳቦ ቤት ተሰልፈን ወሬው አንድ ብቻ ሆነ፦ ራፕ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ቢራ የሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ ጓደኞቹ «ጎትሎብ፣ መሪህን አዙረህ ንገረን እስቲ» እያሉ ይስቁበት ጀመር። እሱ ደግሞ በደረጃችን ላይ ባሰበት። ቅዳሜ ቅዳሜ መሐረቡን ሁለት ጊዜ ነበር የሚያሻሸው።

አንድ ሰኞ ቢጫ ፖስታ መጣለት። ቢጫ ፖስታ እኛ ዘንድ ከፍርድ ሰዎች ነው የሚመጣው። አልከፈትኩትም፤ ወደ ብርሃን ያዝ ብቻ አድርጌው ነበር። የቀረውን ኢርመላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነገረችኝ።

«ሐሙስ ለምስክርነት ዐቃቤ ሕጉ ጋ ይቀርባል። ስቬንያ የምትባል ወጣት መሐንዲስ አለች፣ ፋብሪካው ጥፋቱን እሷ ላይ ሊደፋው ነው። አይታ ዝም አለች፣ ለማንም አልተናገረችም ብለዋል። እንደነገረች የሚያውቀው ደግሞ ጎትሎብ ነው።»

«ታዲያ ይናገራላ!»

«ከተናገረ እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነዋ። አውቅ ነበር ካለ ውሸታም ሊባል ነው። አላውቅም ካለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አፍጥጦበት ያላየ ቂል። ‹ኢርመላ፣ የቱን ልሁን?› ይለኛል።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ አልኩት።»

ረቡዕ ከሰዓት ቆሻሻ ልደፋ በሬን ስከፍት፣ ራፕ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ተቀምጧል ነው የምላችሁ! ሱሪው እንዳይተኮማተር አውቶቡስ ውስጥ የሚቆም ሰው።

«አቶ ራፕ፣ ኧረ ሱሪዎ! ደረጃው አልተጠረገም።»

«የማን ሳምንት ነው?»

«የርስዎ።»

እንዲህ ብዬው እንኳን አልተነሳም። ያኔ ነገሩ እውነት መሆኑ ገባኝ። የቆሻሻ ባልዲዬን አስቀምጬ ከአጠገቡ ቁጭ አልኩ፤ ጉልበቴ ቋ አለ።

«ስቬንያ አንድ መለኪያ ሳጥን ነበራት» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ጭሱን መንገድ ላይ የሚለካ። የኔን ዓይነት መኪና ኋላ ላይ አሰረችውና ወደ ተራራው ነዳች። እኔ ዘንድ ከሚወጣው ቁጥር አሥራ አራት እጥፍ ይዛ መጣች።»

«ከዚያስ?»

«ሳጥኑ ተበላሽቷል አልኳት። ለጥገና ላክሁት።»

«እነሱስ?»

«ደህና ነው ብለው መለሱት። እንደገና ነዳች፣ እንደገና አሥራ አራት። እንደገና ላክሁት።»

«ሦስተኛም ልከውት ነበር እንዳይሉኝ።»

«ሦስተኛም ላክሁት።» መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «ጠጋኞቹ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ‹ሳጥኑ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ከእንግዲህ እባክዎ መኪናውን ይላኩልን› ይላል።»

ከንፈሬን ነከስኩ። ሳቅ አፍኖ ሊገድለኝ ነበር። እናንተ፣ ከእኛ ከተማ ሰው በቀር እንዲህ የሚያደርግ ማን አለ? መኪናው ቆሻሻ ነው ከማለት፣ ዓለም ላይ ያለ ሳጥን ሁሉ ተበላሽቷል ማለት ይቀለናል።

«ደብዳቤውን ምን አደረጉት?»

«ለአለቃዬ አሳየሁት። ስቬንያም አብራኝ ነበረች። ‹አቶ ራፕ፣ እርስዎ የራስዎን ደረጃ ይጥረጉ› አለኝ። ጠረግሁ።»

«ወረቀቱ አለ?»

«ምድር ቤት ነው። ከድንቹ ጀርባ።»

ከዚያ እንደ ድመት ተዘጋጅቼ «እኔም አንድ ነገር ልንገርዎ» አልኩት። «ማሞቂያው ጀርባ ያለችው ጥግ በኔ ሳምንት ሁሌ ነጭ የምትሆነው ለምን ይመስልዎታል?»

«ስለሚወለውሏት።»

«ቁልፍዎ ስለሚንቃጨል ነው።»

«ምን?»

«ቀበቶዎ ላይ ያለው የቁልፍ ጥቅል። ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ ሲጀምሩ ቅጭል ቅጭል ይላል። እርጥብ ጨርቅ ይዤ ብቅ እላለሁ፣ ጥጓን አንዴ ጠረግ አድርጌ እገባለሁ፤ እርስዎ ገና ሁለተኛ ፎቅ ነዎት። ሌላውን ደረጃ አልፎንስ ከሞተ ወዲህ ውሃ አላስነካሁትም።»

«አልፎንስ ከሞተ… አሥራ ሁለት ዓመት?»

«አሥራ ሦስት።»

መሐረቡን ዘርግቶ አየው፣ ገለበጠና አየው። «ግን እኮ መሐረቡ…»

«መሐረቡ ምንም አላጠፋም። ደግሞ ለጥገና እንዳይልኩት!»

አንዴ አየኝ። ጆሮው ቀላ። «እኔ የርስዎን ሳምንት ለጎረቤቱ ሁሉ ምሳሌ አድርጌ እጠቅስ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? ቂል ነኝ ወይስ ውሸታም?»

«ሁለቱንም ሆነዋል፣ በተራ። ሦስቱ ጥገና እስኪያልቅ ቂል፣ ከደብዳቤው ወዲህ ውሸታም። እሱ አለፈ። ነገ ግን ሰሌዳዋን የልጅቷ በር ላይ ሊሰቅሏት ነው። የማን ሳምንት እንደሆነ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ።»

ይህን ስል አስተዋይ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ያናገረችኝ አረንጓዴዋ መኪናዬ ናት። ራፕ ግን ተነሳ፣ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አራገፈ፣ ቁልፉን እያንቃጨለ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሲመለስ ሰማያዊ ክላሰር ብብቱ ሥር ነበር። የድንች ሽታ ተከትሎት ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ትራሴ ላይ ሆኜ ሳይ፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ናፍጣው በር ላይ ቆሞለታል፤ አለፈው። እያነከሰ እንደሚሄድ ሰው እየከበደው ወደ ትራሙ ሄደ። ኢርመላ እንደነገረችኝ፣ እዚያ ገብቶ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «አውቅ ነበር። ልጅቷ እኔም አለቃዬም ባለንበት ተናግራለች» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ቃልም ይቆጥባል።

ዐቃቤ ሕጉ ስቬንያን ተዋት። ቢራ ቤት ግን ራፕ ሲመጣ ወንበሩ ላይ የሰው ኮት ተቀምጦበት ይጠብቀው ጀመር፤ ሁልጊዜ ኮት፣ ባለቤቱ የማይታወቅ። በጸደይ ጡረታ ሲወጣም ከእዛ ታች አንዲት ዘለላ አበባ አልመጣለትም። አለቃው ደግሞ በሽኝት፣ በአበባና በንግግር ነው የወጣው አሉ። አበባው መቼም ሲመረመር ንጹሕ ነበር።

እና ባለፈው ቅዳሜ የኔ ሳምንት ነበር። ሰሌዳዋ በሬ ላይ፣ እርጥቡ ጨርቅ እጄ ላይ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ አራት ሰዓትን ጠበቅሁ። ቁልፍ የለም። ሩብ ሰዓት የሚሆን ጊዜ አለፈ፣ ቁልፍ የለም። ዛሬስ እግዜር ማረኝ፣ ሰውዬው ምናልባት ታሟል ብዬ፣ ፕሬትስል የምንለውን የተጠማዘዘ ዳቦዬን ቅቤ ቀብቼ እያላመጥኩ በሬን ገርበብ አደረግሁ።

ራፕ ደረጃው መሐል ቆሟል። በካልሲ! ጫማውን ሦስተኛ ፎቅ ትቶታል። የቁልፉን ጥቅል በነጩ መሐረብ ጠቅልሎ እንደ ጫጩት በግራ እጁ ይዞታል። ወደ ጥጓ ዘወር ብሎም አላያት። አምስተኛው ደረጃ ላይ ጎንበስ ብሎ ባዶ ጣቱን ከዳር እስከ ዳር ጎተተ፣ ቀና አለ፣ ወርዶ ጣቱን አፍንጫዬ ሥር አመጣው። የከሰል ነጋዴ ጣት ይመስላል።

እርጥቡን ጨርቅ ከጀርባዬ ደበቅሁት።

«ቤርታ» አለ፣ በስሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አንቺ ቆሻሻ ነሽ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅሁት አንቺ መባል እንዲህ ሆኖ መጣ፤ ያለ ብርጭቆ፣ ያለ ወይን። እንኳን መጣ።

«ቆመህ አትየኝ ታዲያ» አልኩት። «ጉልበት ያለህ አንተ ነህ፣ ጎትሎብ፤ ባልዲውን አምጣ።»