ከኪዮስኩ ጥግ የታየ ቤት

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በመጫወቻ ጡብ እጫወታለሁ። ሌላ ሰው በሹክሹክታ ከሚያወራልኝ እኔው ልናገረው ብዬ ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያሉት የአገሬ ሰዎች «ልጅ ሳትወልድ የልጅ ዕቃ ትገዛለች» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ። እነሱ ቅዳሜያቸውን ሰው ሲቦጭቁ ይውላሉ፣ እኔ ጡብ በቀለምና በመጠን እየለየሁ ሳህን ውስጥ ስጨምር እውላለሁ። ማንኛችን ጊዜያችንን እንደምናባክን ፈጣሪ ይፍረድ።

ያስጀመረን አባታችን ነው። እኔና ወንድሜ ትንንሽ ሳለን፣ እሱም በሕይወት ሳለ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ግማሽ ካርቶን የፕላስቲክ ጡብ ይዞልን መጣ። ነጭ፣ ቀይና ግራጫ ሞልቶ ነበር፤ ቢጫ ግን አንዲት ብቻ። በሷ የተነሳ ፀጉር ተነጫጭተናል። እናታችን ሁለታችንንም ከቆነጠጠች በኋላ ፍርድ ሰጠች፤ ቢጫዋ ከቤቱ በር ሥር ትሁን፣ ሁለታችሁም በላይዋ ትለፉ አለች። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በር በሠራ ቁጥር ከሥሩ አንዲት ቢጫ ጡብ ያስገባል። አድገን ቢጫ ጡብ በኪሎ መግዛት ስንችል እንኳ አልተወውም። እኔ ትቼዋለሁ፤ በየትኛውም በር ሥር ምንም አላደርግም።

ይህ ወንድሜ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ናይሮቢ ጠበበችው። በደላላ፣ በየብስ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ካልሄድኩ አለ። እናታችን የደም ግፊት ነበረባት፤ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ «ከሄድክ ስትመለስ አታገኘኝም» አለችው። በሄደበት ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ዓይኗን እስክትገልጥ ጠበቀና ሻንጣውን አነሳ። እኔ እስከ በሩ ተከትዬው ወጣሁ። ቁጣዬ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ያሳደጉኝ ሁሉ ያውቃሉ።

«እሷ አንድ ነገር ብትሆን ዓይንህን እንዳላይ» አልኩት። «እንዳትመጣ።»

ሻንጣውን ተሸክሞ ሄደ። በአራተኛው ወር አንድ መንገደኛ ወሬ ይዞ መጣ። ዕቃ ጫኝ መኪና ውስጥ ታፍነው ከሞቱት መሐል ወንድሜ እንዳለበት፣ ጓደኞቹም መንገድ ዳር እንደቀበሩት ተናገረ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ መጥተው፣ እናቴ ፊቷን ሳትታጠብ መርዶውን ነገሯት። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተከልን፣ ሦስት ቀን ተለቀሰ፣ ተነሳ። ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እናቴ ከያኔ ጀምሮ ጥቁር እንደለበሰች ኖረች።

ጡብ መሥራት እንደገና የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ዝም ይላል፤ ዝምታውን በጡብ ኮሽታ መሙላት ሳይሻል አልቀረም።

ዘንድሮ የናይሮቢ ጡብ ሠሪዎች ትርኢት ላይ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ዌስትላንድስ፣ ከገበያ ማዕከሎቹ የአንዱ የላይኛው ፎቅ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚካሄደው። የሰውን ሥራ ብታዩ መጫወቻ የሚለው ቃል ያሳፍራችኋል። አንዱ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ቀጭኔ ሠርቷል፤ አንዲት የባንክ ሠራተኛ የሞምባሳ መንገድን ከነግራሩ፣ ግራሩ ላይ ከሚያድሩት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ጋር አምጥታለች። የኔ ሥራ ክንድ የሚያህል ማታቱ፣ ማለትም የናይሮቢ ሚኒባስ፣ ነበር፤ ጎኑ ሥዕል በሥዕል፣ ውስጡ ተሳፋሪ የሞላው። ከሾፌሩ አጠገብ ጥቁር የለበሰች ትንሽ ሴትዮ አስቀምጫለሁ። እናቴ ናት፤ ከፊት ወንበር ሌላ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም።

ጡብ ሠሪዎች አንድ የከበረ ሕግ አላቸው። የሌላውን ሥራ አይነኩም። ልንካው ብለህ ትጠይቃለህ፣ ባለቤቱ እሺ ካለ ትነካለህ፣ ዝም ካለ እጅህን ኪስህ ትከታለህ። ለማፍረስም እንዲሁ ነው፤ ትርኢቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ የራሱን በራሱ ያፈርሳል እንጂ ማንም አያግዘውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እግሬን ላፍታታ ብዬ አዳራሹን እዞር ጀመር። ከመውጫው አጠገብ፣ አምፖሉ በደንብ በማይደርስበት ጥግ፣ ሰው ያልቆመበት አንድ ጠረጴዛ ነበር። የደረስኩት ከበስተጀርባው ነው። ምንም የለውም፤ መስኮት የለ፣ በር የለ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ ግድግዳ ብቻ። ያላለቀ ሥራ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ደግሞ ነገረ ሥራው ገረመኝና ዞሬ ከፊት ለፊቱ ቆምኩ።

የኛ ቤት ነበር።

ሳውዝ ሲ ውስጥ ያንን የመሰለ ቤት ብዙ አለ ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ለራሴ ያልኩት እሱን ነው። ግን አረንጓዴው የግቢ በር መኪና የገጨው ቦታ ላይ ገባ ብሏል። ፓፓያው ወደ ጎረቤት አጎንብሷል። ጣሪያው ላይ ያለው ጥቁር የውሃ ታንከር ክዳኑ የለም፤ የኛም የለውም፣ ነፋስ ወስዶት ቀርቷል። ግቢው መሐል ሰማያዊ መስመር ያለው ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ነጠላ ያዘቀዘቁ ትንንሽ የፕላስቲክ ሰዎች ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ድንኳኑ አፍ ላይ አንዲት ሴት ጆግ ይዛ ታስታጥባለች፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች።

እኔ ነኝ። ሐምሌ ነበር፤ የናይሮቢ ሐምሌ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ብርዱን መቋቋም አቅቶኝ በጥቁሩ ላይ አረንጓዴ ሹራብ ደረብኩ። ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ጎረቤት በለቅሶ ቤት ምን የሚሉት ነገር ነው ብላ አስወለቀችኝ። ፎቶ ያነሳ አልነበረም። ያንን ሹራብ ያስታወሰ ሰው አንድም ቀን አላጋጠመኝም፤ እዚህ ግን የጣት ጫፍ በምታህል ሴት ላይ ተሠርቶ ቆሟል።

ፈራሁ። የሠራው ሰው አጠገቤ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝና ዞር ብዬ አየሁ። አባቱ እጅ ላይ የሚያለቅስ ሕፃንና ቀጭኔውን የሚያደንቁ ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት።

ከዚያ እንደ ጡብ ሠሪ ማየት ጀመርኩ። የፓፓያው ግንድ በመንገድ በኩል ያለው ወገኑ ብቻ ተሠርቷል። ወጥ ቤታችን የለም። ከድንኳኑ ውስጥ ሁለት ረድፍ ወንበር አለ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ ባዶ ነው። የሟች ፎቶ የሚቆምበት ማስቀመጫ አለ፤ ፎቶው ግን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቷል፣ የሚታየው ነጭ ጡብ ብቻ ነው። ተንበረከክሁና ዓይኔን ከጠረጴዛው ጫፍ እኩል አድርጌ ቦታ ስቀያይር ቆየሁ። ከአንድ ቦታ ሲታይ ብቻ የጎደለ ነገር አይኖርም። ከመንገዱ ማዶ፣ የስልክ ካርድና ወተት የሚሸጠው ኪዮስክ ካለበት ጥግ። ሠሪው የሠራው እዚያ ቆሞ ያየውን ብቻ ነው፤ ያላየውን አልፈጠረም።

እናቴ ደግሞ የለችም። ያን ጊዜ የተቀመጠችው ድንኳኑ ውስጥ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ፍራሽ ላይ ነበር። ከኪዮስኩ አትታይም።

የግቢውን በር ሥር አየሁ። ቢጫ ጡብ አለ።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው ካርድ ቁጥርና የሥራው ስም ብቻ ይዟል፤ በእንግሊዝኛ «ዘግይቼ ደረስኩ» ይላል። ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ፤ ሲገባኝም ከፍርሃቴ ባሰብኝ። ወንድሜ አልሞተም። ተመልሶ መጥቷል፣ ከቤታችን ማዶ ቆሟል፣ ድንኳን አይቷል። የታመመች እናት ጥሎ የሄደ ልጅ ደጁ ላይ ድንኳን ሲያይ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። እኔንም ጆግ ይዤ ሲያየኝ እንዳትመጣ ያልኩትን አስታወሰ። ቃሌን አከበረልኝ።

አስተናጋጇ ወጣት ኬንያዊት ናት። የጠረጴዛው ባለቤት የት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ጠዋት በር ሳይከፈት ሸፍኖ እንዳመጣው፣ ከዚያ እንደጠፋና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለማፍረስ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ፊቴን አይታ «ኡሲጃሊ ዳዳ» አለችኝ፣ አታስቢ እህቴ ማለቷ ነው። እኔ እንዴት ላላስብ?

እናቴ ጋ ደወልኩ። ምን እንደምላት አላወቅሁም። የሞተን ሰው ወሬ የምንነግርበት ወግ አለን፣ ሽማግሌ አለ፣ ሰዓት አለ። ሞተ የተባለ ሰው አልሞተም ብሎ ጎህ ሳይቀድ በር የሚያንኳኳ ግን አይቼ አላውቅም። ደግሞ ተሳስቼስ? ቢጫ ጡብ ያጋጣሚ ቢሆንስ? ያንን ልጅ ሁለተኛ ብገድልባት ሦስተኛ ቀን አትደርስም። ምሳ በላሽ ወይ አልኳት። በልቻለሁ አለች።

«ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

ጉንፋን ነው አልኳትና ዘጋሁት።

ወደ ማታቱዬ ተመለስኩ። በሩን ከፍቼ ከሾፌሩ አጠገብ ጥቁር የለበሰችውን ሴትዮ አወጣኋት። ከዚያ በዕድሜዬ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ሳልጠይቅ የሰው ሥራ ነካሁ። ከግቢው በር ውጭ፣ ፊቷን ወደ ኪዮስኩ ጥግ አድርጌ አቆምኳት። ጡብ ሠሪ አንዲት ፍሬ ብትነካበት ከሩቅ ያውቃል። ወንድሜ ከሆነ ያያታል፤ ሌላ ሰው ከሆነ ይቆጣኛል፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቅሁ። ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ ሕፃናት ሲጠይቁኝ እየመለስኩ፣ ዓይኔን ከዚያ ጥግ ሳልነቅል። አዳራሹ እየቀለለ ሲሄድ ከየጠረጴዛው የማፍረስ ድምፅ ተጀመረ፣ ጡብ ካርቶን ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማው። ቀጭኔው ራሱን አጣ። አባ ኮዳዎቹ አንድ በአንድ ከግራሩ ወረዱ።

ሰባት ዓመት የተለቀሰለት ሰው ባዶ ካርቶን ይዞ በመውጫው በኩል ገባ።

ከስቷል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ ጃኬቱ ይሰፋዋል። በኋላ እንደነገረኝ ሰዎቹ ታፍነው የሞቱበት መኪና ላይ ሳይሳፈር ታንዛንያ ድንበር ላይ ተይዞ ታስሮ ነበር፤ ሲፈታ በቀጥታ ወደ ቤት ነው የመጣው። ሰባቱንም ዓመት ከተማው ጫፍ ጋራዥ ውስጥ እየሠራ እዚሁ ኖሯል። ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም፤ የማውቀው የሞተ ወንድሜ እየተራመደ መሆኑን ነው። ጠረጴዛዬን ትቼ ወደ ጥጉ ሄድኩ።

ካርቶኑን አስቀመጠ። እጁን ወደ ትንሹ ቤት ጣሪያ ሰደደና አየር ላይ ቀጥ አደረገው። ትንሿን ሴትዮ አያት። ጎንበስ ብሎ ከጎንም አያት። አላነሳትም። ዞር ሲል ከኋላው ቆሜ ነበር።

ዓይኔን ለማየት ጊዜ ወሰደበት። ዓይንህን እንዳላይ ያልኩት እኔ ነኝና አልፈርድበትም። ልቀፈው ብዬ ነበር፤ እጄ እንደ ጥላ አልፎት ቢሄድስ ብዬ ፈራሁ።

«ማን ነው እዚህ ያቆማት?» አለኝ።

«እኔ። ዳቦ ይዘሽ ነይ ብላኛለች።»

ወደ ድንኳኑ ዞረ፣ ወደ ተዘቀዘቁት ነጠላዎች፣ ጀርባውን ወደ ሰጠው ፎቶ።

«ድንኳኑ የማን ነበር?» አለ።

«ያንተ።»

ከዚያ ሴትዮዋን አነሳና እጁ ውስጥ ጨበጣት። በሌላው እጁ ድንኳኑን ለማንሳት ሞከረ፤ ጡቡ አልላቀቅ አለው።

«ልንካው?» አልኩት።

እሺ አለኝ። ድንኳኑን አብረን አነሳነው።