ያልተቀመጡት ሰው

ጋሼ ወልዱ ማክሰኞ ማለዳ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ወሬው በስልክ ሲዳረስ አንዳንዱ «ጋዜጠኛው?» ብሎ አለቀሰ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ያ ከሃዲ?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እኔ የምጽፈው ለሁለቱም ነው።

በአማርኛ የምጽፈው ጋሼም እኔም ፊደል የቆጠርንበት ስለሆነ ነው፤ እርሳቸው አስመራ፣ እኔ አዲስ አበባ። «በጠላት ቋንቋ ታወራላችሁ» ለሚሉን ኤርትራውያን ወገኖቻችን መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ቋንቋው ምን አደረገን? ያሰረን ሰው ነው።»

ወጣቶች ላታውቁ ትችላላችሁ። አገራችን ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ጋሼ እዚህ ፍራንክፈርት የተመቻቸ ኑሮ ነበራቸው። ጥለውት ገቡና ጋዜጣ አቋቋሙ። ባለሥልጣንን የሚነካ ጽሑፍ ሲመጣ ራሳቸው ደውለው «እንዲህ ሊባልብዎ ነው፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሳይሉ አያወጡትም ነበር። መልሱንም አንድ ቃል ሳይቆርጡ ያትሙታል። የአገር ጠላት የተባለው እንግዲህ ይህ ጋዜጣ ነው! ጋሼ ለሕክምና ወደዚህ በመጡበት ሰሞን ጋዜጣው ተዘጋ፤ ምክትላቸው ዮናስና ባልደረቦቹ ከየቤታቸው ተወሰዱ። ክስ የለ፣ ፍርድ ቤት የለ፣ የት እንዳሉ የሚናገር የለ። የሹማምንቱን ሁሉ ቃል ሲቀበሉ የኖሩ ልጆች የእነርሱን ቃል የሚቀበል አጡ።

የነጻነት በዓላችን ኦስትሃፈን አጠገብ ባለው አዳራሽ ሲከበር፣ እንደምታውቁት፣ መጀመሪያ ተነሥተን ለሰማዕታት የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን። «ተቀመጡ» ሲባል ሰው ሁሉ ይቀመጣል። ጋሼ ግን አንገታቸውን ደፍተው እንደ ቆሙ ቀሩ። የረሱ መስሎኝ ኮታቸውን ጎተት አደረግሁ።

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ።»

«አንቺ ተቀመጪ። የሞቱት ድርሻቸውን አገኙ። በሕይወት ላሉት እስረኞች ማን ይቁምላቸው?»

ከኋላችን «ይቀመጡ እንጂ፣ ከለሉን!» የሚል ጩኸት መጣ። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከመድረኩ ላይ «ተዉአቸው፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው ነው» ብሎ አዳራሹን አሳቀባቸው። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የሳቃችሁም እንዳትረሱት እፈልጋለሁ። ጋሼ ግን ከዓመት ዓመት ቆሙ። በመጨረሻ በሩ ላይ ሲከለከሉ ውጭ፣ ትራም መጠበቂያው ዘንድ ቆሙ።

የዚሁ ሊቀ መንበር እናት፣ አደይ ለተብርሃን፣ ሆስፒታል የገቡ ጊዜ ጀርመንኛ አይችሉም ነበር። አብረዋቸው ውለው ያስተረጎሙላቸው ጋሼ ናቸው። ስሰማ በገንሁ።

«ልጅየው ኤርፖርት ሺሽት አለብኝ፣ ተረኛ ነኝ ብሎ ሲቀር፣ የሐኪም ቀጠሯቸውን እርስዎ ይጠብቃሉ? እርስዎን ሲያይ መንገድ የሚሻገር ሰው!»

«እሱ ይሻገር» አሉኝ እየሳቁ። «እኔ የሄድኩት ለእናቱ ስኳር በሽታ ነው። ስኳር ፓርቲ የለውም።»

ትናንት ቀበርናቸው። አገራቸው አፈር መግባት ይመኙ ነበር፤ አልሆነም። ሊቀ መንበሩ ወደ ጸሎት ቤቱ የአበባ ጉንጉን አስይዞ ገባ። በቁማቸው ሰላምታ የነፈጋቸው ሰው «ጀግናችን» ሲላቸው ደሜ ፈላ። ሙት አይመልስም ብሎ ነው እንጂ፣ ከሃዲ ማለቱን መቼ ተወው? ስለ ዮናስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያም «የኅሊና ጸሎት» አለ፤ ተነሣን። «ተቀመጡ» አለና እርሱም ተቀመጠ።

የጋሼ ልጅ ሳባ አልተቀመጠችም። እኔም አልተቀመጥሁም። ዞር ስል አደይ ለተብርሃን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አደይ፣ አልቋል፤ ተቀመጪ» አለ ልጃቸው በሹክሹክታ።

«አላለቀም» አሉት፣ ሁሉም እየሰማ። «አንተም ተነሥ።»

ወንበሮች ተንኳኩ። ሰው አንድ አንድ እያለ ተነሣ። እርሱ ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ጋሼ ወልዱ፣ እነ ዮናስ ዛሬም አልተፈቱም፤ ይህን ደብቄ አልሸኝዎትም። ግን ብቻዎን የቆሙበት ቦታ ትናንት ሰው ሞልቶበት ነበር። ብዙ ቆመዋል፤ ደክመዋል። ተራው የእኛ ነው። አሁን ይቀመጡ፣ ጋሼ።